መልሱ ያልተሰማ ስድብ

ለወንድሜ ለሙደሲር፣ ናይሮቢ

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ብርድ ሲነካው ሲያስቸግርህ የኖረው ጆሮህ ዳነልህ ወይ? ከሌላው አካልህ ሁሉ ጆሮህን ያስቀደምኩት ወድጄ አይደለም፤ እንጀራህ በእሱ መሆኑን ስለማውቅ ነው። እኛስ አልሐምዱሊላህ እንበል። እንበላለን፣ እንሰግዳለን፣ ሱቁንም በየጠዋቱ እከፍታለሁ። ከዚህ ያለፈ ደህንነት በቤታችን ካለ ግን እኔ አላየሁትም። እማዬን ጉልበቷን ትንሽ ተሽሏታል፤ አሁን ያመማት ሌላ ነው፣ እደርስበታለሁ። እህታችን ሳቢራም በሕይወት አለች። ታላቅህ ነኝና የሰላምታውን ወግ አላጎደልኩብህም። የቀረውን ቁጭ ብለህ አንብበው።

በዚህ ዘመን ወረቀት ምን አመጣው ብለህ ትስቅ ይሆናል። በስልክ ድምፄን ቀድቼ ብልክልህ ይቀለኝ ነበር፣ እንደ ድሮው። ግን ድምፅ አንተ እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን አይተናል። ከእንግዲህ ከዚህ ቤት ትንፋሽ አታገኝም። ሳሌን እንኳ አልክልህም፤ ነገ ከበሮ ታደርጉት ይሆናል። ወረቀቱን የሚያደርስልህ ክፍሌ ነው፣ ያ ከሐዋሳ ቦሎቄ እየጫነ ናይሮቢ የሚወርደው ሹፌር። ሲያልፍ እኛ ሱቅ በር ላይ ሻይ ሳይጠጣ እንደማይሄድ ታውቃለህ። እንዳይከፍተው በማርያም ብዬዋለሁ፤ አይከፍተውም። የሰው ነገር ሲሰጡት የሚጠብቅ ሰው አሁንም አለ።

ባለፈው ዒድ መጥተህ፣ ግቢ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ጋደም ብለህ፣ ስለ መሥሪያ ቤትህ ያወራኸን ትዝ ይለኛል። ኪቲኪዮ ይባላል አልከን፤ በስዋሂሊ ተቀባዮች የሚመልሱት ዜማ ማለት መሆኑን ለእማዬ አስረዳሃት። አንዱ ሞያሌ ሆኖ በስልኩ ያወጣል፣ ካምፓላ ያለው ይቀበለዋል፣ ዳሬሰላም ያለው ከበሮ ይመታበታል፣ ተያይቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ አንድ ዜማ ላይ ይገናኛል አልክ። እማዬ አፏን ከፍታ ሰማችህ። እኔ ያን ጊዜም ጠይቄሃለሁ፤ የማይተያይ ሰው አንዱ መቼ እንደሚያቆም ሌላው በምን ያውቃል ብዬ። ሳቅክብኝ። የእኛ ዘፈን አያልቅም፣ ጥሩነቱም እሱ ነው አልከኝ። ይኸው አላልቅ አለ።

አሁን የሳቢራን የኒካ ቀን ላስታውስህ፣ አልነበርክምና። አንድ ወንድም ነው ያላት፤ እሱም ሥራ በዛብኝ ብሎ ቀረ። ሴቶቹ እልፍኝ ገብተው ሊዘፍኑ ሲሰናዱ ለእማዬ ደወልክና፣ ስልኩን ክፈችልኝ፣ ብቻዬን ነኝ፣ ናፍቆቴን ልወጣ አልካት። ያ እልፍኝ ያን ቀን ወንድ አይገባበትም፤ አባታችን ነፍሱን ይማረውና በእኔ ኒካ ጊዜ በበሩ ሲያልፍ እንኳ ጥምጣሙን ጆሮው ላይ ዝቅ አድርጎ ነበር። አክስቶቻችን አይሆንም አሉ። እማዬ ግን ልጄ ነው፣ ሰው አገር ነው፣ ይስማ ብላ ስልኩን በገዛ እጇ ትራስ ላይ አስደግፋ አቆመችው። በደህናው ጆሮው ይስማኝ ብላ ወደ እሷ አዞረችው።

የስድቡን ዘፈን ወግ ወንድ ስለሆንክ አላውቀውም ትለኝ ይሆናል። ያላወቀ ይጠይቃል፣ ግን እነግርሃለሁ። የሙሽራዋ ወገን የሙሽራውን እናት ፊት ለፊት አስቀምጦ በከበሮ ይሰድባታል። ስድቡ ደግሞ ውሸት መሆን አለበት። መልከ መልካሟን መልከ ጥፉ፣ ባለሙያዋን ዝርክርክ፣ ቸሯን ቋጣሪ ትላታለህ። የእውነት ቋጣሪ የሆነችን ሴት ቋጣሪ ማለት ነውር ነው፤ እሱ ዘፈን አይባልም፣ ጠብ ነው። ስለዚህ ሴትዮዋ ስድቡ በከበደባት መጠን ደስ ይላታል፤ እልፍኙ ውስጥ ያለ ሁሉ ውሸት መሆኑን ያውቃልና። ከዚያ የእሷ ወገን ተነሥቶ መልስ ይሰጣል፤ መልሱም እዚያው የሚፈጠር ነው። ሲያበቃ ሁለቱም ወገን ከአንድ ትሪ ይበላል፣ ስድቡም እዚያው ትሪ ላይ ይሞታል። ከዚያ በኋላ ውኃ ስትቀዳም ልብስ ስታጥብም የምትደግመው የለችም።

እማዬ ያን ቀን ያወጣችው በሙሽራው በዋሪዮ እናት፣ በአዴ ዓምበሮ ላይ ነው። የዋሪዮ እናት ለእንግዳ ወተት በጠርሙስ ክዳን ትሰፍራለች፣ ሁለተኛ ክዳን የጠየቀውን ከግመል ሌባ ትቆጥረዋለች አለች። አዴ ዓምበሮን! ድርቁ በጠናበት ዓመት ግመሎቻቸው ኡራን ገጠር ላይ ሲያልቁ፣ ለራሳቸው የቀረችውን ወተት ለሎሪ መንገደኛ ያጠጡ የነበሩትን! እልፍኙ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። እሳቸው ራሳቸው በሻሻቸው ጫፍ እንባቸውን እየጠረጉ፣ ክዳኑንም ሙሉ አልሰጥም በሉ እያሉ ያግዙን ነበር።

ከዚያ የሙሽራው ወገን፣ የሄሉ ሰፈር ሴቶች ለመልስ ተነሡ። እማዬ ልጄ ይህንንም ይስማ ብላ ወደ ትራሱ ዞር ስትል ስልኩ ጠፍቷል። ኔትወርክ ነው አልናት። ኔትወርክ አልነበረም፣ ሙደሲር። የምትፈልገውን ስላገኘህ ዘጋኸው። መልሱን ሳትሰማ፣ ትሪው ሳይቀርብ፣ እህትህን እንኳን ደስ ያለሽ ሳትል ዘጋኸው። የሄሉ ሴቶች በእማዬ ላይ ምን ብለው እንደመለሱ አልጽፍልህም፤ ከላዩ ተበልቶበታል። እሱን የማያውቅ ከእኛ ወገን አንተ ብቻ ነህ።

ስድቡ ወጥቶ መሄዱን የሰማነው ከኡራን ነው። አዴ ዓምበሮ ከብት ሊያዩ ወርደው ሳለ ሎሪ ቆመ፤ ሰዎቹ ተጠምተዋል። እንደ ልማዳቸው የወተት ጮጮውን ይዘው ወጡ። ገና ሊቀዱ ጎንበስ ሲሉ ከላይ የተቀመጠ አንድ ጎረምሳ የጠርሙስ ክዳን ዘርግቶ፣ ማማ ኪፉኒኮ፣ እስኪ ሙዪልኝ አላቸው። ክዳን ማለቱ ነው፣ በስዋሂሊ። ሎሪው ሁሉ ሳቀ። ለምን እንደሚስቁ አልገባቸውም ነበር። ሌላው ስልኩን ከፍቶ አሰማቸው። እማዬ ናት። የእማዬ ድምፅ፣ ከሥሩ የማናውቀው ከበሮ፣ በመሐል የማናውቀው ወንድ በስዋሂሊ እየተረጎመ ያላግጣል፤ ከኋላ ደግሞ አገር ምድሩ ክዳን ክዳን እያለ ይቀበላል። ስማቸው ከነልጃቸው ስም ተጠርቷል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እሳቸው ግን የገዛ ስማቸውን በገዛ ጆሯቸው ሰሙት። ጮጮውን መሬት ላይ አስቀምጠው ገቡ። ወተቱን ማን እንደጠጣው የሚያውቅ የለም።

ከዚያ ወዲህ ሞያሌ ገበያ ሲወጡ ሕፃን ሁሉ ክዳን ይዘረጋባቸዋል። ቦዳቦዳ ሞተር የሚነዳው ሁሉ ማማ ኪፉኒኮ፣ ልውሰድሽ ይላቸዋል። ከመሳደብ አይቆጥሩትም፣ ዘፈን ነው የሚሉት። ካምፓላ ያለውንስ ምን እለዋለሁ? አያውቃቸውም። ቸር መሆናቸውን አያውቅም፣ ወጉን አያውቅም፣ ሴትዮዋ በሕይወት ያሉ መሆናቸውን እንኳ አያውቅም። አንተ ግን ታውቃቸዋለህ። ትምህርት ሲዘጋ ከዋሪዮ ጋር ኡራን እየወረድክ፣ ከዚያው ጮጮ እየጠጣህ፣ ጉንጭህ ሞልቶ ስትመለስ እማዬ ይህ ልጅ የእኔ ነው የዓምበሮ እያለች ትቀልድ ነበር። ሌላው ሁሉ ሳያውቅ ቀባጠረ። አንተ እያወቅክ ነው።

የሐጋያው ዝናብ ሲጥል ሳቢራ ባሏ ቤት ትገባለች ተብሎ ነበር። ዝናቡ ጣለ። ከሄሉ ግን ድምፅ ጠፋ። አንድ ቀን የዋሪዮ አጎት አባ ጃልደሳ ሱቅ ድረስ መጡ፤ ወንበር ሳቀርብላቸው እምቢ ብለው ቆመው ተናገሩ። ሴቶቹ በመዝፈናቸው አልተቀየምንም፣ ሳቃቸውን እኔም ከግቢ ሆኜ ሰምቻለሁ አሉ። ግን መልስ ያልተሰማበት ስድብ ለሰሚው እውነት ነው። ዓለም እውነት ነው ብሎ የያዘብንን ነገር ካወጣ ቤት ልጅ ወስደን ደጃችን ብናስገባ፣ አዎ ልክ ናችሁ ማለታችን ነው አሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። የጨርቅ ጥቅል ሳስተካክል ሄዱ።

ኒካዋ ታስሯል፤ ልጃገረድ ናት እንዳትል ያገባች ናት፣ ያገባች ናት እንዳትል ባሏ ቤት አልገባችም። ፈልጎ የሚጠይቃት የለም፣ ፈትቶ የሚለቃትም የለም። ዋሪዮ ይደውልላታል፣ ይወዳታልም፤ እናቴን ረግጬ አልወስድሽም ይላታል፣ ደግሞም ልክ ነው። የሠርጓን ሳጥን በሩ ሥር እንዳሰናዳነው ተቀምጧል። የምትለብሰውን ከዚያ ታወጣለች፣ አጥባ አድርቃ መልሳ ታጣጥፍበታለች። እሷ መጮህ ነበረባት። የምጮኸው እኔ ሆንኩ።

ስደውልልህ ያልከኝን አንተ ረስተኸው ይሆናል፣ እኔ አልረሳሁትም። አትቆጪ፣ በኪቲኪዮ ታሪክ እንዲህ ብዙ ሰው የተቀበለው ዘፈን የለም አልከኝ። ለእሱ ብለው እንደሾሙህ ነገርከኝ። እንድደሰትልህም ፎቶ ላክህልኝ፦ አንተ በመሐል፣ ባልደረቦችህ በዙሪያህ፣ ከፊትህ ኬክ። ኬኩ ላይ በክሬም የተሳለው የጠርሙስ ክዳን ነው። ሙደሲር፣ የእህትህን ትዳር ቆርሰህ በልተህ ፎቶውን ለእኔ ላክህልኝ!

አጥፋው ስልህ አይጠፋም አልክ። የሌላ ሰው ድምፅ ከላዩ ስላለ፣ የታችኛውን መንቀል የሁሉንም መንቀል ነው አልክ። ከዚያ አለቃህን ሻሮንን ሰጠኸኝ። ደግ ድምፅ አላት። ፖሌ ሳና ማማ፣ ፖሌ ሳና አለችኝ፤ ይቅርታው ብዙ ነበር፣ የሚወርድ ዘፈን ግን አልነበረም። ዘፈኑ አሁን የዘፈኑት ሁሉ ነው አለች። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ የሁሉም ነው የተባለ ዕቃ ቁልፉ ማን ኪስ እንዳለ አላጣውም። በመጨረሻም እናታችሁን ናይሮቢ ብናመጣት፣ ሌላም ስድብ ካላት ብትዘፍንልን አለችኝ። በእሷ አልፈርድም። እማዬን የምታውቃት በስልክ ነው። አንተ በሆዷ ነው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር የሚሉት ለካ ውሸት አይደለም።

የእማዬ ሕመም ምን እንደሆነ ልንገርህ። መዝፈን ትታለች። የጎረቤታችን ልጅ ስትዳር እንድታወጣላቸው ቢለምኗት ጉሮሮዬን ብላ ቀረች። ጉሮሮዋ ምንም አልሆነም። ቤት ውስጥ እንኳ ስታንጎራጉር የነበረችው ሴት፣ አሁን ሩዝ ስትለቅም ከንፈሯን ገጥማ ነው። አንተን ግን አልወቀሰችም። ልጄ ለናፍቆቴ ነው ብሎኝ የለም እንዴ፣ ስልኩ ራሱ ይሆናል የላከው ትላለች። ስልክ በራሱ አይልክም ብዬ እነግራታለሁ። ትሰማኛለች፣ ነገ ደግሞ ስልኩ ይሆናል ትላለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እኔና እማዬ ይቅርታ ልንጠይቅ ሄሉ ሄድን። አዴ ዓምበሮ ተቀበሉን፣ አስቀመጡን፣ ውኃ ቀረበልን። እሳቸው ቤት ውኃ ሲቀርብልኝ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። እሳቸውም አይተውኛል። አትቀየሙኝ፣ ወተት ልቀዳ ስል እጄ ይፈራል አሉ። ብቀዳ ስሟን ልታድስ ነው ይላሉ፣ ብተው እውነት ነበር ይላሉ፤ ስለዚህ ተውኩት አሉ። እማዬ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ብድግ ብለው ትከሻዋን ያዟት። ሁለቱም አለቀሱ። ያን ጊዜ አጠገቤ ብትሆን ምን እንደማደርግህ አላውቅም።

ካሣ አልጠየቁም። ግመልም ሽልንግም አንፈልግም አሉ። የሚፈልጉት መልሳቸውን ነው። የሄሉ ሴቶች እኛ ቤት ይመጣሉ፣ እዚያው እልፍኝ ይቀመጣሉ፤ አንተ ከናይሮቢ ትመጣና፣ በሁላችን ዓይን ፊት ስልኩን በገዛ እጅህ ትይዛለህ። መልሱ ስድቡ በሄደበት መንገድ ይሄዳል፤ የመጀመሪያውን የሰማ ሁሉ ይሰማዋል። መልሱ ከላይ ከተጫነ በኋላ ዘፈኑን ትዘጋዋለህ፣ ማንም አይጨምርበትም። ከዚያ ትሪ ይቀርባል፣ ሳቢራም በዚያው ቀን ቤቷ ትገባለች። እማዬ የአዴ ዓምበሮን ትከሻ ሳመች። እኔም ከብዙ ቀን በኋላ ትንሽ ተነፈስኩ።

ግን መልሱ በእማዬ ላይ አይሆንም፣ በእማዬ ላይ ያን ቀን መልሰናል፣ የአሁኑ በሙደሲር ላይ ነው ተባለ። ሴቶቹም እዚያው ምን እንበለው እያሉ ይማከሩ ጀመር። አንዷ ሰነፍ አለች፣ አንዷ መልከ ጥፉ አለች፤ ሳቅ ሳቅ አለን፣ ቤቱ የድሮውን መሰለ። ከዚያ አንዲት ልጅ ከበሮ እንደያዘች፣ እናቱን ገበያ ያወጣ እንበለው አለች። አዴ ዓምበሮ እጃቸውን አነሡ። ይህ አይሆንም አሉ። ወጉ አይፈቅድም፤ ስድብ ውሸት መሆን አለበት አሉ።

እማዬ ምንጣፉን ታይ ነበር። እኔም ውሸት ነው ብዬ ልምልልህ አልቻልኩም። እንግዲህ ይህንን ነው የምጽፍልህ፦ ና። ሹመትህን ይዘህም ሆነ ጥለህ ና። አይዘጋም የምትለኝን አልሰማም፤ የሠራኸው አንተ ነህ፣ የምትዘጋውም አንተ ነህ። ያቺ ልጅ ያለችው ነገር ውሸት እንዲሆን አድርገህ ና፣ ሴቶቹም እየሳቁ በሱ ይስደቡህ።

ሰላምታ የላኩልህን ልንገርህ። ሳቢራ ሰላም አላለችህም፤ በይ ብዬም አላስገድዳትም። አክስቶቻችን ስምህ ሲነሣ ርእስ ይለውጣሉ። አባ ጃልደሳ አባትህን ስለሚያከብሩ ብቻ ደህና ነው ወይ ብለዋል። ክፍሌን ሻይ አጠጣልኝ፣ መንገደኛ ነው።

እማዬ ሰላም ብላሃለች። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ናት። ወረቀት ምን ያደርግለታል፣ እኔ በስልኩ ላውራለት አለችኝ። ከለከልኳት። ለምን ስትለኝ መጻፌን ቀጠልኩ። እሷ ግን ስልኩን እንደያዘች ነው፣ ፊቷ አዝኗል። ተይ ልላክለት፣ ልጄ ድምፄን ይወዳል ትለኛለች።

ታላቅ እህትህ
ዙሌይካ

ሞያሌ፣ ኬንያ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.